ጫማዎን ከማውለቅዎ በፊት

ቤተሰብ ይዞ ወደ ደጋ ሐይቅ፣ ፍል ውሃና ዋሻ መጓዝ፦ ማን ይምራን? መቼ እንሂድ? ምን እንጠይቅ?

ልጅ ውሃ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ጫማውን ማውለቅ ነው። እርስዎ ገና ከመኪናው ዕቃ እያወረዱ፣ ምሳው የት ይነጠፍ እየተባባሉ ሳለ፣ ትንሿ ካልሲዋን ጥላ ውሃው ዳር ደርሳለች።

እኛንም ወንጪ ላይ ያጋጠመን ይኸው ነበር። ከተራራው ጠርዝ ቁልቁል ወርደን ሐይቁ ዳር ስንደርስ የስምንት ዓመቷ ልጄ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ጨርሳለች። ውሃው ረግቷል። ዳሩ ላይ ለምለም ሣር አለ፤ ከሥሩ ጠጠሩ ይታያል። “እግሯን ብቻ ትንከር” አልኩ። ይዞን የወረደው የአካባቢው አስጎብኚ፣ ዕድሜው በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው፣ አልተከራከረኝም። የያዘውን ዱላ ለልጄ ሰጣትና “እስቲ መሬቱን ፈልጊው” አላት፤ በሌላ እጁ ክንዷን እንደያዘ። ከቆመችበት አንድ እርምጃ ያህል ራቅ አድርጋ ዱላውን ወደ ውሃው ሰደደችው። ዱላው እስከ እጀታው ገባ። መሬት አልነካም።

“አየሽ እህቴ” አለኝ ሰውየው ቀስ ብሎ፤ “እዚህ ዳር የሚባለው ይህቺው ናት።”

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ለዚያ ሰው የተከፈለው ገንዘብ የቀኑ ትንሹ ወጪያችን ነበር፤ እሱንም ጠዋት ላይ “ትንሽ ቀንሱልን” ብለን ተከራክረንበት ነበር።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያምሩ ቦታዎችን ብቻ የሚዘረዝር አይደለም። ወንጪን፣ ወንዶ ገነትን፣ ባሌንና ሶፍ ዑመርን እናነሣለን። በየቦታው ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ እዚህ ቦታ ላይ የአካባቢው ሰው የሚያውቀው፣ እርስዎ ግን የማያውቁት ነገር ምንድን ነው?

አስተባባሪ አስጎብኚ አይደለም

ዛሬ ለቤተሰብ ጉዞ መውጣት ቀላል ሆኗል። በቴሌግራም ይመዘገባሉ፤ ገንዘቡን በስልክ ያስተላልፋሉ፤ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ቁርስና ምሳው፣ ሙዚቃው፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ ተዘጋጅቷል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ከተሜ ሀገሩን ያየው በእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ነው።

ነገር ግን አውቶቡሱ ላይ ማይክ ይዞ የሚያጫውትዎ ወጣት አስተባባሪ ነው። ሥራው ሰው መቁጠር፣ ሰዓት ማስከበርና ምሳ ማድረስ ነው። ቦታውን ያየው ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሆናል። የአካባቢው አስጎብኚ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። ባለፈው ክረምት የትኛው መንገድ እንደተናደ፣ የትኛው ፈረስ እንደሚደነብር፣ ወንዙ በየትኛው ወር ቀለሙን እንደሚቀይር ያውቃል። ሁለቱም ያስፈልጉዎታል፤ አንዱ ግን ሌላውን አይተካም። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት “እዚያ ስንደርስ የአካባቢ አስጎብኚ ይኖራል? ስንት ሰው ለስንት አስጎብኚ?” ብለው ይጠይቁ። ለአርባና ሃምሳ ሰው አንድ አስጎብኚ ብቻ ከተያዘ፣ ልጅ ላለው ቤተሰብ የራስዎን ተጨማሪ ሰው መያዝ ይሻላል።

ወንጪ፦ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ

ወንጪ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአምቦም በወሊሶም በኩል ይደረሳል፤ በአንዱ ሄደው በሌላው ቢመለሱ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። ቦታው በጥንት ዘመን የፈነዳ እሳተ ገሞራ አፍ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጠርዙ ወደ 3,400 ሜትር፣ ሐይቁ ደግሞ ወደ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከላይ ቆመው ሲያዩት ሐይቁ፣ ማሳዎቹና በውሃው መካከል ያለችው የቂርቆስ ደሴት እንደ ሥዕል ይዘረጋሉ። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። “ገበታ ለሀገር” በተባለው ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከተመረጡት ቦታዎችም አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወንጪ ላይ እርስዎ የማያውቁት ምንድን ነው?

አንደኛው ጥልቀቱ ነው። ወንዝ ወይም ግድብ ዳር ያደገ ሰው ውሃ ቀስ በቀስ እየጠለቀ የሚሄድ ይመስለዋል። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ግን የተገለበጠ ተራራ ማለት ነው፤ ከውጭ የሚያዩት ገደል ከውሃው ሥርም ይቀጥላል። ይህ ለወንጪ ብቻ አይደለም። ቅርባችን ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ወደ ሻሸመኔ ሲሄዱ በስተቀኝ በኩል የሚያገኙት ሻላ ደግሞ ከ260 ሜትር በላይ ይወርዳል።

ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ፊትን እየለበለበ ውሃው ግን አጥንት ድረስ ይበርዳል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር በኃይል ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ከውሃው በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። በሆቴል መዋኛ ጎበዝ የሆነ ልጅም ቢሆን ከዚህ አይድንም። ሌላም ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ የሚሰምጥ ልጅ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም። ትንፋሽ ያጣ ሰው ድምፅ የለውም። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ፎቶ ሲነሡ፣ ሁሉም ነገር በዝምታ ሊያልቅ ይችላል።

ሦስተኛው ጀልባውና ፈረሱ ናቸው። ወደ ደሴቷ በጀልባ ይሻገራሉ። ከመሳፈርዎ በፊት ለልጅዎ የሚሆን ላይፍ ጃኬት መኖሩን ይመልከቱ። የትልቅ ሰው ላይፍ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ልጁ ግን ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ካለበሱት በኋላ ጃኬቱን ከትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት። አገጩን አልፎ ከሄደ ልኩ አይደለም። ልኩ ከሌለ ጀልባውን ይተዉት፤ ደሴቷ ከዳር ሆነውም ታምራለች። ፈረስ ላይ ደግሞ ሕፃን ሲቀመጥ ልጓሙን የፈረሱ ባለቤት ራሱ ይያዝ እንጂ ታላቅ ወንድም አይያዝ። ቁልቁለቱ ላይ ወርዶ መሄድ የሚሻል ከሆነ አስጎብኚው ይነግርዎታል። ሲነግርዎ “ከፍለንበታል እኮ” አይበሉት።

የወንጪ ነዋሪዎች ለዚህ ሥራ በማኅበር ተደራጅተዋል፤ ፈረስም፣ ጀልባም፣ አስጎብኚም በተራ ይወጣል። ስለዚህ “እኔ በርካሽ ልውሰዳችሁ” ብሎ መንገድ ላይ የሚጠብቅዎትን ልጅ ተከትለው ከሄዱ፣ ተራውን ጠብቆ የተቀመጠውን አባወራ ገቢ ማሳጣትዎ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይዟችሁ እንደወረደ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ወንዶ ገነት፦ ሞቃቱ ውሃ

ፍል ውሃ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው አካባቢው ላይ ቤት ባሠሩ ጊዜ ነው። ለወገብ፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለድካም እያልን አያቶቻችንን ይዘን የምንሄድበትም ቦታ ነው። ወንዶ ገነት ደግሞ ከሻሸመኔ ብዙም ሳይርቅ፣ ደን በለበሰ ኮረብታ ሥር የሚገኝ ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ማረፊያ ቤተ መንግሥት አሠርተውበት ነበር። ጠዋት ከእንቅልፍዎ ሲነሡ የሚሰሙት የወፍና የጉሬዛ ድምፅ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው መዋኛውን ነው። አስጎብኚው የሚያውቀው ደግሞ ከመዋኛው በላይ ያለውን ምንጭ ነው። ውሃው ከመሬት ሲወጣ ቆዳ ይልጣል፤ መዋኛው ድረስ እየተጓዘ ነው የሚበርደው። ከላይ፣ በሣርና በጭቃ መካከል፣ ትንሽ ቦይ መስሎ የሚፈሰውን ውሃ ልጆች እንደ ማንኛውም ምንጭ ቆጥረው ሊዘሉበት ይችላሉ። ስለዚህ ወደ ምንጩ መውጣት የሚፈልግ ቤተሰብ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ኋላ፣ አንድ በአንድ ይሂድ። እንፋሎት የሚታይበት አጠገብ ያለ መሬት ጠንካራ መስሎ ስስ ሊሆን ይችላል።

መዋኛው ውስጥም ቢሆን ጥቂት ነገር ልብ ይበሉ። የልጅ ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይግላል፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ መውጣትና ውሃ መጠጣት አለበት። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጣም ከሚሞቀው ውሃ ቢርቁ ይመረጣል፤ አያትዎን ይዘው ከሄዱ አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ከምሳ በኋላ ቢራ ቀምሶ ፍል ውሃ መግባትም ራስ ያዞራል፤ ሲያዞርም ቀስ አያሰኝም።

ውሃው ሞቃት ካልሆነና ወደ ሌላ ሐይቅ ወይም ኩሬ ከሄዱ ደግሞ አንድ ጥያቄ አይርሱ፦ “እዚህ ቢልሃርዝያ አለ?” የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። የአካባቢው ሰው የትኛው ዳር ላይ ከብት እንደሚጠጣ፣ የትኛው ዳር ላይ የመንደሩ ልጆች ታመው እንደነበር ያውቃል። ከጉዞ ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላ ልጅዎ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ከታየበት፣ ለሐኪሙ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ይንገሩት።

ባሌ፦ ወይብን ተከትሎ

ጊዜ ካለዎት፣ ለአምስት ቀን ያህል፣ ከወንዶ ገነት ጉዞዎን ይቀጥሉ። በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገው ዲንሾ ይደርሳሉ፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ቦታ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያው መግቢያ ከፍለው የአካባቢ አስጎብኚ ይይዛሉ። የደጋ አጋዘኑን ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም፤ አንዳንዴ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ያገኙታል።

ለልጆች አንድ ወንዝ እንዲከተሉ ይንገሯቸው፦ ወይብን። ከተራሮቹ ተነሥቶ ፊንጫ ሀበራ ላይ በፏፏቴ ይወርዳል። በዚያው አካባቢ፣ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ድንጋይ የከለለው መጠለያ አለ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ በተደረገ ጥናት መሠረት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እዚያ ኖረዋል፤ እሳት አንድደዋል፤ ከባልጩት ስለት ሠርተዋል፤ የባሌን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ በልተዋል። እስካሁን ከታወቁት ጥንታዊ የደጋ መኖሪያዎች አንዱ ነው። ልጅዎ ያን ድንጋይ ጥግ ተቀምጦ ቆሎውን ሲቆረጥም፣ ስንት ሺህ ዓመት ሙሉ ሰው እዚያው ጥግ ከብርድ እንደተጠለለ ይንገሩት። ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ያንን ያስታውሳል።

ከዚያ በላይ ሳኔቲ አለ፤ 4,000 ሜትር። ገርባ ጉራቻን የመሳሰሉ፣ ጥንት ግግር በረዶ ጠርቦ የተዋቸው ሐይቆች እዚህ ከፍታ ላይ ናቸው። ቀይ ቀበሮም እዚሁ ፍልፈል ሲያድን ይታያል። እነዚህ ሐይቆች የሚታዩ እንጂ የሚገባባቸው አይደሉም። እዚህ ላይ ጠላትዎ ከፍታው ነው፤ የሚተነፍሱት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ በመጠኑ ለምዶታል። ከድሬዳዋ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ትናንት የመጣች የአክስቱ ልጅ ግን አልለመደችም። ስለዚህ መጀመሪያ ሮቤ ወይም ዲንሾ አንድ ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ ሳኔቲን ቀን አይተው ለማደር ወደ ታች ይመለሱ። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ምግብ መጥላት፣ ያልተለመደ ድብታ ከታየ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መውረድ። “ትንሽ ይረፍና ይሻለዋል” አይበሉ። ጥሩ አስጎብኚ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ ጉዞው ተበላሸ ብለው ቢከፉበትም “እንመለስ” ለማለት አያፍርም።

ሶፍ ዑመር፦ ዝናቡ ሌላ ቦታ ነው

ወይብ ከተራራው ወርዶ ወርዶ ቆላ ይገባል። ከሮቤ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ ከመሬት ሥር ይሰወራል። ይህ ሆልቃ ሶፍ ዑመር ነው። ውስጥ ለውስጥ የተለኩት መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ በሀገራችን ረጅሙ ዋሻ ነው። ስሙን ያገኘው በዋሻው ተጠልለው ያመልኩ ነበር ከሚባሉት ሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ሙስሊም ምእመናን ለዚያራ ይሄዱበታል። ስለዚህ አለባበስዎ የቅዱስ ቦታ ይሁን፤ ሰው ሲጸልይ ካሜራ አያንሡ። ከአስጎብኚው ጋር ሲገቡ የዓምዶች አዳራሽ የሚባለው ክፍል ይደርሳሉ፤ ውሃ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያቆማቸው ምሰሶዎች ባትሪዎን ሲያበሩ ከጨለማው ብቅ ይላሉ።

ዋሻው ውስጥ የሚሄዱበት መንገድ ወንዙን ከአንድ ጊዜ በላይ ያቋርጣል። እዚህ ላይ ነው ወይብን ከላይ ጀምረው መከተልዎ የሚጠቅምዎት። ፊንጫ ሀበራ ላይ ያያችሁት ውሃ ይኸው ነው። ሶፍ ዑመር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ እያቃጠለ፣ ተራሮቹ ላይ ግን ዝናብ ሊዘንብ ይችላል። ያ ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ዋሻው ውስጥ ይደርሳል፤ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ወደ ጎን መሸሻ የለም። የአካባቢው አስጎብኚ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን ወንዙን ነው፤ ውሃው ከጠዋቱ ይልቅ ደፍርሷል ወይ? ቅጠልና እንጨት ይዞ ይመጣል ወይ? “ዛሬ አንገባም” ካለዎት፣ ከሮቤ ድረስ የመጡበት መንገድ ቢያንገበግብዎትም አይግቡ። ሌላ “እኔ አስገባችኋለሁ” የሚል ሰውም አይፈልጉ።

ይህ የቤተሰብን የቀን መቁጠሪያ ይነካል። ልጆቻችን የሚያርፉት በክረምት ነው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችንም የሚመጡት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያ ወቅት ግን ለዋሻውም ለተራራውም መልካም አይደለም። ስለዚህ ጉዞውን ለሁለት ይክፈሉት። ክረምት ላይ ዘመድ ሲመጣ ወደ ወንዶ ገነት ይውሰዷቸው። ሶፍ ዑመርንና ባሌን ከኅዳር እስከ ጥር፣ ለገና ወይም ለጥምቀት ሰሞን ያቆዩት። ወንጪም ጭቃው ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ይበልጥ ያምራል። የትም ቢሄዱ ከመነሣትዎ በፊት በነበሩት ሁለት ሦስት ቀናት ወደ አካባቢው ደውለው የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ያረጋግጡ።

ከመስማማትዎ በፊት አምስት ጥያቄዎች

አንድ፦ “መታወቂያ ወይም ፈቃድ አለህ? ከየትኛው ማኅበር ነህ?” ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ትክክለኛው አስጎብኚ በኩራት ያሳይዎታል።

ሁለት፦ “ዛሬ የማንገባበት ወይም የማንደርስበት ቦታ የትኛው ነው?” ሁሉንም እንደርሳለን የሚል መልስ ከሰጠዎት ይጠራጠሩ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ክልከላ አለው።

ሦስት፦ “ልጅ ቢጎዳብን ወዴት ነው የምንሄደው? በስንት ሰዓት እንደርሳለን?” ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያና መኪና ያለውን ሰው ስም ካወቀ ልብዎ ይረፍ።

አራት፦ “ስልክ የሚይዘው እስከ የት ነው?” ዋሻ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ውጭ የሚቀር ሰው ይኑር፤ ስንት ሆነው እንደገቡና ስንት ሰዓት መውጣት እንዳለባችሁ ይወቅ።

አምስት፦ “ጠቅላላ ሒሳቡ ስንት ነው? መግቢያ፣ ፈረስ፣ ጀልባ፣ መኪና ጥበቃ አብሮ ነው ወይስ ለየብቻ?” ይህን በመጀመሪያ ይጨርሱ። መጨረሻ ላይ የሚነሣ ጭቅጭቅ የቀኑን ደስታ ይዞ ይሄዳል። ዝርዝር ብርም ይያዙ፤ ተራራ ላይ መልስ የሚሰጥ የለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ጥያቄዎቹን ሲጠይቁ ልጆችዎ አጠገብዎ ይኑሩ። አስጎብኚውን እርስዎ “ጋሼ” ካሉት እነርሱም ጋሼ ይሉታል፤ እርስዎ ካዘዙት ግን እነርሱም አይሰሙትም። ውሃ ዳር ላይ የሱ “ተመለሱ” የሚለው ቃል ወዲያው መሰማት አለበት።

በሻንጣው ውስጥ

ለእያንዳንዱ ሰው ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና ትርፍ ድንጋይ፤ የስልክ መብራት አይበቃም፣ እጅንም ያስይዛል። ዋሻ ውስጥ ለማቋረጥ የማይንሸራተትና የሚረጥብ ጫማ፤ ሰንደል ጫማ ወንዝ ይወስደዋል። ለባሌ ጋቢና የክረምት ጃኬት፤ ለሶፍ ዑመር ስስ ልብስ፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለበሳሉ። ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ የደጋ ፀሐይ ሲበርድም ያቃጥላል። ነጠላ ወይም ሻሽ፤ ለደሴቷ ቤተ ክርስቲያንም ለዋሻውም። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ በፔርሙዝ ሻይ። የልጅዎ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ካለዎት ከቤት ይዘው ይሂዱ። ባዶ ከረጢትም አይርሱ፤ የያዙት ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ አዲስ አበባ ይግባ።

ከወንጪው ቀን በኋላ ልጄን ወደ ሌላ ሐይቅ ይዣት ሄጄ ነበር። ዳሩ አሸዋማ ነው፤ ሌሎች ልጆች እየተንቦራጨቁ ነበር። የኔዋ ግን ጫማዋን አላወለቀችም። መጀመሪያ ዙሪያውን ቃኘች፤ ከዛፍ ሥር ረዘም ያለ እንጨት አነሣች። ከዚያ ጀልባው አጠገብ የተቀመጡትን ሽማግሌ “ጋሼ፣ መሬቱ እስከ የት ነው የሚሄደው?” ብላ ጠየቀቻቸው።

እርሳቸውም ተነሥተው አሳዩዋት።